ጨፌ፤ ለረግረግ ጥግ የሚሆን ተክል
ለሥራ ወይም ለትምህርት ነቀምቴ ሄደው በጨለለቂ ሰፈር ቤት ተከራይተው እንደሆነ፣ ከግቢው ዝቅ ባለው ወገን ጫማ የሚይዝ፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ ጥግ ይገጥምዎ ይሆናል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር ይህ አያስደንቅም። የጎረቤት ምክር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቦይ ቅደድና ባሕር ዛፍ ትከልበት»። ባሕር ዛፉ ውኃውን ይጠጣል፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ እምብዛም አይበቅልም፤ ከታች ያለው ምንጭም ሊጎድል ይችላል። በኢሉባቦር ለበቆሎ ሲባል ጠልቆ ቦይ ከተቀደደባቸው ረግረጎች፣ ጥቂት ዓመት ካመረቱ በኋላ አፈራቸው ደክሞ ጨፌውም አልመለስ ያለባቸው አሉ።

እኛ የምንመክረው ይህንኑ ጨፌ ነው። በምዕራቡ አገራችን ረግረግ ሳይተክሉት የሚበቅል፣ ቢያጭዱት ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ጋር አንድ ወገን የሆነ ተክል ነው። ሣር ይምሰል እንጂ ሣር አይደለም፤ አገዳውን በጣትዎ ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን መሆኑ ይታወቅዎታል። በኦሮሞ ዘንድ ጨፌ ማለት ለምለሙ መስክም፣ የገዳ ሸንጎም ነው፤ የዛሬው የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ መባሉም ከዚህ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ ኋላ «ግቢዬን ረግረግ አደረግኸው» እንዳይባሉ። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ጨፌ ካለው ሰው ጥቂት ጉቶ ከነሥሩ ያስቆፍሩ፤ ዘር ከመዝራት ይህ ይፈጥናል። ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርተው ይቁረጡና፣ ክንድ ክንድ አራርቀው፣ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቡቃያው ከውኃው በላይ እንዲቀር አድርገው ይትከሉ። እስኪጠና ድረስ ከብት እንዳይደርስበት በእሾህ ይጠሩት። ፊላን ግን አያስገቡ! ጥግ ቢሰጡት ግቢውን ሁሉ ይወስዳል።

ውኃው ኩሬ ሠርቶ እንዳይቆም ቀጭን መውጫ ይተዉለት፤ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውኃ ነውና። ጥጉ የሚርሰው ከሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነ ደግሞ ጨፌውን ለጉዝጓዝ አይመኙት፤ ልጆች ይንከባለሉበታል።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ዋዜማ የሚበቃ እጭድ ሊያገኙ ይችላሉ። ሲያጭዱ ከጉቶው አራት ጣት ከፍ ይበሉ፤ ግማሹንም ለሚቀጥለው በዓል ያስቀሩ።