ሃይማኖትና ሥራ በአንድ ማዕድ

ማኅበር ማለት ለአንድ ዓላማ ያበሩ ሰዎች ስብስብ ነው። በአገራችን የጽዋ ማኅበርተኞች በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን በተራ እየደገሱ ይገናኛሉ፤ የታመመውን ይጠይቃሉ፤ ያዘነውን ያጽናናሉ። ደቦ ደግሞ እርሻና አጨዳ በኅብረት የሚሠራበት ልማድ ነው። እንግዲህ ጸሎቱና ማዕዱ በአንድ ወገን፣ ሥራው በሌላ ወገን ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱን አንድ ለማድረግ የሞከሩ ወጣቶችን ለማየት አንባቢዎቻችንን ዛሬ ወደ ጐረቤታችን ኬንያ፣ ወደ ናይሮቢ ከተማ እንወስዳለን።

ናይሮቢ ቻፕል የተባለችው ቤተ ክርስቲያን በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የተመሠረተችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የሚገለገሉባት አብዛኞቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ስለ ተመለሱ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ምእመናን እጅግ ጥቂት ሆኑ። በኋላ ግን በፓስተር ኦስካር ሙሪዩ መሪነት ጉባኤው ወደ ጐረቤቶቹ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ቢል ቤቱ በወጣቶች ሞላ። በ2005 ጉባኤው ብዙ ስለ ሆነ ተከፋፈለ፤ ከተወለዱትም አንዱ ማቩኖ ይባላል፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ «መከር» ማለት ነው።

በእነዚህ ጉባኤያት ሚዚዚ፣ ማለት «ሥሮች»፣ የሚባል የዐሥር ሳምንት ትምህርት አለ። ወጣቶቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው ይማራሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅም ቡድኑ አይበተንም። ከዩኒቨርሲቲ የወጡትም በአገልጋዮች ሥር እየሠሩ የሚለማመዱበት ሥርዓት ተዘጋጅቷል። ዓላማው ወጣቱ እሑድ የሰማውን ቃል ሰኞ በሥራው እንዲገልጠው ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲፕሎማውን ይዞ ከግቢ የወጣ ወጣት ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ጓደኞቹ ይበተናሉ፤ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል፤ እርሱም ያፍራል። በዚያን ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማሰናበት ብቻ አይበቃም። በሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች አዲሱን የግብር ሕግ በመቃወም አደባባይ ወጥተው፣ ብዙዎች ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን ተዉት። ያን ጊዜ ወጣቶቹ ከፖለቲካ ሰዎች ገንዘብ የሚቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ወቅሰዋል። ቃልና ሥራ ሲለያዩ ወጣት ፈጥኖ ያስተውላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስቡ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን። አንደኛ፣ ከአባላቱ ማን ሥራ እንዳለው፣ ማን እንደ ቸገረው ይወቁ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ወጣት ሙያ የሚያሳየው አንድ ታላቅ ሰው ይመድቡ። ሦስተኛ፣ «አገልግሎት ነው» በሚል ምክንያት የወጣቱን ጉልበት ያለ ዋጋና ያለ ጊዜ ወሰን አይጠቀሙበት፤ እንዲህ ቢሆን ማኅበሩ ከጨካኝ አሠሪ አይለይምና።

የኬንያ መንግሥት ዓርማ «ሐራምቤ» የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ «በአንድነት እንሳብ» ማለት ነው። የእኛም አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር ሲፈተል ነው።