የጠፋው 60 ካሬ፦ የአልጀብራ ብዜት አጀማመር በኮልፌ ቀራንዮ

አልጀብራን በሚጀምሩ ተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ፤ (ቀ+3)² = ቀ²+9 የሚል። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ እንደ ግድየለሽነት ይቆጠራል፤ ተማሪውም ቀመሩን እንዲሸመድድ ይመከራል። ሆኖም የችግሩ ምንጭ ከተማሪው ትጋት ይልቅ የትምህርቱ አጀማመር ነው።

በአዲስ አበባ በአማርኛ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የመማሪያው ቋንቋ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በኮልፌ ቀራንዮ የሚማር ልጅም ከፊደልና ከቅንፍ ጋር በቅጡ መሥራት የሚጀምረው ቋንቋው በተለወጠበት ወቅት ነው። ለብዜት የሚሰጠው «ፎይል» የተሰኘ ማስታወሻ የአራት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ጥምር በመሆኑ፣ ቃላቱን ላልለመደ ልጅ ራሱ ሌላ ሽምደዳ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሁለት ሁለት ቁም ካላቸው ቅንፎች አያልፍም፤ (ቀ+2)(ቀ²+3ቀ+1) ስድስት ብዜቶችን ይጠይቃልና።

ልጁ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። በታችኛው ክፍል 23ን በ14 ሲያባዛ፣ (20+3)(10+4) = 200+80+30+12 = 322 እያለ ነበር። በ10 ቦታ ቀ ቢተካ፣ (2ቀ+3)(ቀ+4) = 2ቀ²+8ቀ+3ቀ+12 = 2ቀ²+11ቀ+12 ይሆናል። ተመሳሳይ ቁሞችን መሰብሰብም አሥሮችን ከአሥሮች ጋር ከመደመር የተለየ አይደለም።

ሁለተኛው ስንቅ ከመንደሩ የሚገኝ ነው። በአየር ጤና ወይም በዓለም ባንክ ሰፈር ያደገ ልጅ ቦታ በካሬ ሲነገር ይሰማል። ጎኑ 10 ሜትር የሆነ እኩል ጎን ቦታ ርዝመቱም ወርዱም በ3 ሜትር ቢጨምር፣ ስፋቱ 100+30+30+9፣ ማለትም 169 ካሬ ይሆናል። ቀ²+9 የሚለው መልስ ግን 109 ብቻ ይሰጣል። በቦታው ላይ 60 ካሬ የጎደለበት ሰው ዝም እንደማይል ሁሉ፣ ሥዕሉን ያየ ተማሪም 6ቀን አይዘነጋም። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አልኽዋሪዝሚም የአልጀብራ ዘዴዎቹን ያለ ምልክት፣ በቃላትና በስፋት ሥዕል አስረድቷል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ማብራራት ተማሪውን ያዘገየዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሐሳቡ ግን የእንግሊዝኛውን ስያሜ ማስቀረት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ ትርጉሙ በሚያውቀው ቋንቋ ይቅደም፣ ስያሜው ይከተል። ሥዕሉም ወሰን አለው፤ (ቀ−3)(ቀ+5)ን በቦታ ስፋት ማሳየት አስቸጋሪ ነው። በዚያ ጊዜ መመለሻው ሥዕሉ ያስጨበጠው የስርጭት ሕግ ነው፦ በአንደኛው ቅንፍ ያለው እያንዳንዱ ቁም በሌላኛው ያለውን እያንዳንዱን ያባዛል።

ስለዚህ መምህራን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለቀመር ሳይሆን ለ23×14 ቢሰጡ ይበጃል። ለዚህ አዲስ መሣሪያም ሆነ በጀት አያስፈልግም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃሉ። «ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው፣ ልጁ የሚያውቀው ነገር እንደማያውቀው ሆኖ ሲቀርብለት ነው።