ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰርና የስኳር ሕሙማን ጾም

ታላቁ የረመዳን ወር በመጣ ቁጥር ሐኪሞችም ኢማሞችም የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ስኳር አለብኝ፤ መጾም እችላለሁ?» የሚል ነው። እስልምና ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ያም ሆኖ ብዙዎች በፈቃዱ አይጠቀሙበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው 79 በመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በዚያው ወር ለሕክምና ተቋም የሚያበቃ የስኳር ማነስ በእነርሱ ላይ 7 ነጥብ 5 እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል።

አሁን ወደዚህ ጉዳይ የገባው ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ ሳንቲም የሚያክል ሴንሰር ነው። ከቆዳ ሥር የምትገባ ቀጭን ክር አለችው። በየጥቂት ደቂቃው የለካውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል፤ ስኳሩ ሲወርድ ይጮኻል። በስፋት ከሚታወቀው ፍሪስታይል ሊብሬ አንዳንዱ ዓይነት 14 ቀን ይሠራል፤ ሁለቱ 28 ቀን ነው፣ ለጾሙ ማብቂያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጎድላል። ኤቨርሴንስ የተባለው ደግሞ በሐኪም እጅ ቆዳ ሥር ይቀበራል። በ2024 ለአንድ ዓመት እንዲያገለግል በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ትልቁ ጥቅሙ ቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ ጎን ያለው ቀስት ነው። መግሪብ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው 85 ያነበበ ሰው «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። ቀስቱ ቁልቁል ካመለከተ ግን ደህና አይደለም። ጾመኛን የሚፈትነውም ይኸው ሰዓት ነው፤ «ይህን ሁሉ ውዬ አሁን ላፍርስ?» ያሰኛል። ዓለም አቀፉ የረመዳንና ስኳር መመሪያ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ ወዲያው ይፈታ ይላል። ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ በመሆኑ ከደሙ በደቂቃዎች ይዘገያል። ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ይህ መዘግየት ቀላል አይደለም። ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ስልኩ ያሻውን ቢል ጣት መወጋት ይሻላል። «ሴንሰር አለኝና ልጹም» የሚለው አስተሳሰብም ያሳስበኛል። መሣሪያው አደጋውን ያሳያል እንጂ አያስቀርም፤ የኢንሱሊኑን መጠን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው።

ከውጭ የሚገባና ሲያልቅ የሚጣል ዕቃ በመሆኑ በአገራችን ለብዙው ሰው የሚቀመስ አይደለም። ጣት ወግቶ መለካት ግን አለ። ጾም ያፈርሳል ብለው የሚተዉት አሉ፤ መመሪያውም ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንትም አያፈርስም ይላሉ። በሱሑር፣ በቀትር፣ ከዓስር በኋላና ኢፍጣር ካለፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት ዋናዎቹን ሰዓቶች ይሸፍናል። የመጨረሻዋ ልኬት ተምሩ፣ ሳምቡሳውና ጭማቂው ያደረጉትን ትናገራለች።