ጾሙ ቀን የሚያሸንፈው ሱስ ማታ ለምን ይመለሳል?

ረመዳን ሲገባ የጫት ገበያ አይዘጋም፤ ሰዓቱን ይቀይራል። በሌላው ጊዜ ከምሳ በኋላ የሚያዘው በርጫ በዚህ ወር ከኢፍጣር በኋላ ይጀመርና አንዳንዴ እስከ ሱሑር ይዘልቃል። በጎንደርም ሆነ በላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ ልጃቸው የሚቅምባቸው ወላጆች “ቀኑን ሙሉ የታገሰ ልጅ ማታ እንዴት ያቅተዋል?” ብለው ቢጠይቁ አይገርምም። መልሱ በከፊል ያለው አንጎል ውስጥ ነው።

በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት ከባሕር ዳር ዙሪያና ከሌሎችም አካባቢዎች በጥድፊያ የሚጓጓዘው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ሲደርስ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ምርቃና የሚባለው ስሜት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ዶፓሚን ደስታን ብቻ ሳይሆን “ይህን ድገመው” የሚል ትእዛዝንም ይቀርጻል። ሰዓቱ፣ ክፍሉ፣ ጓደኛው፣ የቡናው ሽታ ሁሉ ከዚያ ትእዛዝ ጋር ይተሳሰራሉ። ሀራራ የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ምልክቶች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ሰንበታቸውን አጥብቀው የሚያከብሩ አይሁድ አጫሾችን ተከታትሎ ነበር። ማጨስ በእምነታቸው በተከለከለበት ዕለት የተሰማቸው ሀራራ፣ በሥራ ቀን እንዳያጨሱ ሲደረጉ ከተሰማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንጎል “ዛሬ አይገኝም” ብሎ ሲያምን ጉጉቱ ይበርዳል ማለት ነው። ጾመኛው ቀን የሚያገኘው እርጋታም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። መግሪብ ሲደርስ ግን ተስፋው ይመለሳል፤ ሀራራውም አብሮ ይነሳል።

በወጣቶች ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ፍላጎትን የሚገታውና መዘዙን አስቀድሞ የሚያስበው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ብስለቱን አይጨርስም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሥራም ተቀዛቅዟል። ሥራ ፈት የሆነ ከሰዓት ለሱስ ምቹ ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብ ዋናው ሰዓት ከኢፍጣር እስከ መኝታ ያለው ነው። ስድብና ማሳፈር ልጁን ወደ በርጫው ቤት ይገፋዋል። ከኢፍጣር በኋላ አብሮ ወደ ተራዊሕ መሄድ፣ የሚቅሙ ጓደኞች ከሚሰበሰቡበት መንገድ ማራቅ፣ ከሱሑር በፊት በቂ እንቅልፍ እንዲያገኝ መርዳት ምልክቶቹን ይበጣጥሳል። ሌሊቱን ሲቅም ያደረ ሰው እንቅልፉን ያጣል፤ የምግብ ፍላጎቱም ስለሚዘጋ ሱሑሩን በወጉ አይበላም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር የልብ ሕመም ላለበት አደጋው የበለጠ ነው።

ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊደበት፣ ሊነጫነጭ፣ እንቅልፍ ሊያበዛና ዱካክ ሊያስቸግረው ይችላል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ወይም ስለ ሞት የሚያወራ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። አልኮል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት አዘውትሮ የሚወስድ ሰው በድንገት ማቆሙ ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ሠላሳ ቀን ግን አንጎልን ሙሉ በሙሉ አይጠግንም። ከጫት እጅግ የሚበረታውን ሜትአምፌታሚን ባቆሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች የተጎዳው የዶፓሚን ሥርዓት ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ዕቀባ በኋላ ጉልህ ማገገም እንዳሳየ አመልክተዋል። ጉዳቱ ይጠገናል፤ ጊዜ ግን ይጠይቃል። ረመዳን የዚያ ጊዜ መጀመሪያ መሆን ይችላል። ትልቁ ፈተና የዒድ ማግስት ነው፤ “አይገኝም” የሚለው አጥር ይነሳል፣ ጓደኛውም ሰዓቱም ይመለሳሉ። የሸዋልን ስድስት ቀናት ከልጁ ጋር አብሮ መጾም፣ ከሰዓት በኋላውንም ከወዲሁ በሥራ ወይም በትምህርት መሙላት፣ በረመዳን የተጀመረው እንዳይቋረጥ ይረዳል።