የጫካው ቡናና የጸሐፊው ስሕተት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በካፋ ጫካ ውስጥ ሁለት የቡና ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንደኛው ማንም ሳይተክለው የበቀለ ነው። ሁለተኛው ከችግኝ ጣቢያ መጥቶ የተተከለ ነው። ቅጠላቸውም ፍሬያቸውም አንድ ይመስላል። ዐዋቂ ነኝ ባይን ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ ብትጠይቁ በዐይን አይቶ አይለይላችሁም።

«ቡና ቡና ነው፤ መለየቱ ምን ይጠቅማል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን ቡና ላይ ታየ። መድኃኒቱም የተገኘው ከዚሁ ካገራችን ቡና ነው፤ የጅማ የምርምር ሰዎች በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ከየስፍራው መርጠው ዘራቸውን አራቡ። እንዲህ ያለ ምርጫ የሚቻለው ዘሩ ብዙ ዓይነት ሲሆን ነው። ጭንቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የተመረጡት ችግኞች ተመልሰው በጫካው ውስጥ ሲተከሉ፣ ንቦች የአበባቸውን ዱቄት ወደ ጫካው ቡና ያደርሳሉ፤ ዘሩም ይደባለቃል። ዛፍ አልተቆረጠምና ማንም ልብ አይለውም። ደኑ እየተመነጠረ በመሄዱ የጫካው ቡና ለመጥፋት ከሚያሰጋቸው ተክሎች መዝገብ ገብቷል፤ ይህ ደግሞ ሌላው የማይታየው ጉዳት ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ እንቅልፍ ቢጥለው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይደግማል። ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡትም ስሕተቱን ይወርሳሉ፤ ሊቃውንትም በስሕተቱ የትኛው ብራና ከየትኛው እንደ ተቀዳ ያውቃሉ። በሕያው ፍጥረት ውስጥ ያለው ዲኤንኤም በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ በየቦታውም ሁለት ሦስት ፊደላት እንደ ተብታባ ሰው ንግግር ይደጋገማሉ። የድግግሞሹ ቍጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ አልፎ አልፎ ይለወጣል። ምልክት የሚባለው ይህ ነው።

ቅጠሉ እርጥበት በሚመጥ ጠጠር ይደርቅና ዲኤንኤው ተነጥሎ ይወጣል። ከተደጋገመው ክፍል ግራና ቀኝ ያለውን ጽሑፍ የሚይዙ ሁለት አጫጭር ቁርጥራጮች ይሠራሉ፤ እንደ ዕልባት ቍጠሯቸው። መሣሪያው እያሞቀና እያቀዘቀዘ በዕልባቶቹ መካከል ያለውን ብቻ በሚሊዮን ያባዛል፤ ከዚያ ርዝመቱ ይለካል። በአንዱ ዛፍ 12 ጊዜ፣ በሌላው 15 ጊዜ ተደጋግሞ ቢገኝ ልዩነት ተገኘ ማለት ነው። በአንድ ምልክት ብቻ ግን አይፈረድም።

ቡና በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው። ዐረቢካ የተባለው የኛ ቡና ከሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ስለ ሆነ፣ ዘመዶቹ 22 ክሮሞሶም ሲይዙ እርሱ 44 ይይዛል። ሁለት ዳዊት በአንድ ጥራዝ እንደ ማለት ነው። ዕልባቱ ከሁለቱም ላይ ሲያነብ ንባቡ ይምታታል። ሌላው ዕልባት ደግሞ በሁሉም ዛፍ ላይ አንድ ዓይነት ቍጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ይጣላል።

ለነገሩ የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ በቀዝቃዛ ማከማቻ ለብዙ ዘመን የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ጭንቁ በቀለለ ነበር። አይቀመጥም። በጅማ ዞን በጮጬ የተጠበቀው የቡና ዘር እንኳ በመሬት ላይ የቆመ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ቦታ ይፈልጋልና የትኛው ይቅር የትኛው ይያዝ ብሎ መምረጥ ግድ ነው።

ለጫካው ዳር ገበሬ ያ ከችግኝ ጣቢያ የመጣው ቡና የልጆቹ ደብተር መግዣ ነው። ንቀለው ለማለት እኔ አልደፍርም። ዩኔስኮ በ2010 ከመዘገባቸው ከካፋና ከያዩ ደኖች እምብርት አርቀህ ትከለው ማለት ግን ይቻላል፤ ምን ያህል ይራቅ ብሎ ቢጠይቅም፣ ድብልቁ እስከ የት እንደ ደረሰ ቅጠሎቹን ለቅሞ መመርመር ነው።