ከመልስ በፊት ጥያቄ

ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ በቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት ለመቀጠር ያስባሉ። መልካም ነው፤ ፈተናውን ግን ይወቁት። እ.ኤ.አ. በ2001 ስሙን ከአንደርሰን ኮንሰልቲንግ ወደ አክሰንቸር የለወጠው ድርጅትና መሰሎቹ በዋናነት የሚሸጡት ዕቃ ሳይሆን የሠራተኞቻቸውን ዕውቀት ነው። ስለዚህ ፈታኙ፣ «የአንድ ነጋዴ ሽያጭ ቀነሰ፤ ምን ትመክረዋለህ?» ሊል ይችላል። ቸኩሎ «ኮምፒዩተር ይግዛ» የሚል ወጣት ብዙ አይራመድም። «ከመቼ ጀምሮ? የትኛው ዕቃ? ደንበኛው ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ለሥራው እንደሚሆን ያሳያል።

ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መጻፍም አያዋጣም፤ ተከታዩ ጥያቄ ያጋልጣል። ቢያልፍም ኪሳራው የሚወድቀው ምክሩን አምኖ በከፈለው ሰው ላይ ነው። የሰው ገንዘብ ደግሞ አማና ነው።

ወላጆችም ልጆቻችን «ለምን?» ሲሉን ዝም አናሰኛቸው።