ዓይነ ስውሩና የጥርስ ሐኪሙ ወንበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ዓይነ ስውር ወዳጄን አጅቤ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፡፡ ወንበሩ ላይ ገና እንደተቀመጠ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «የቱ ጋ ነው የሚያመው?» አለኝ፡፡ ወዳጄ አንቱ የተባለ መምህር ነው፡፡ «ዶክተር፣ እኔን ይጠይቁኝ» አለ ፈገግ ብሎ፡፡ ወዲያው ወንበሩ ድንገት ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ መርፌው ድዱ ላይ ሲሰካ ነው ያወቀው፡፡ ሲደነግጥ «ይረጋጉ እንጂ!» ተባለ፡፡ የስምምነት ቅጹንም ያነበበለት የለም፤ «ያስፈርሙልኝ» ተብሎ የተሰጠው ለእኔ ነው፡፡

ነገሩ የአንድ ሐኪም ጠባይ ብቻ አይመስለኝም፡፡ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያለው ነበር፡፡ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 25 ለአካል ጉዳተኞች ከሌላው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና፣ ያውም አውቀው ሲስማሙ ብቻ እንዲሰጥ ያዛል፡፡ በተግባር ግን «ተደራሽነት» ሲባል የሚታሰበን የዊልቸር መወጣጫ ነው፡፡ የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ እንኳ በዋናነት ያነሳው ተሽከርካሪ ወንበርንና ደረጃን ነበር፡፡

የድድ በሽታ ሲጀምር አያምም፡፡ ምልክቱ የድድ መቅላትና ሲቦርሹ የሚታይ ደም ነው፡፡ ዓይናማው ምራቁ ውስጥ ደም አይቶ ይደነግጣል፤ ወዳጄ ግን የደሙ ጣዕም እስኪሰማው ወይም ጥርሱ እስኪነቃነቅ ይቆያል፡፡ ስለዚህ ክሊኒክ የሚደርሰው ለማከም ሳይሆን ለመንቀል ነው፡፡ የእሱም ተነቀለ፡፡ አቦራረሹን የሚያስተምረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል መሆኑ ደግሞ ያስቃል፣ ለሚያየው ማለቴ ነው፡፡

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ከመንካት በፊት መናገር፣ መስታወቱን በእጁ ማስዳሰስ፣ የመሰርሰሪያውን ድምፅ አስቀድሞ ማሰማት፣ ቡርሹን አስይዞ እጁን መምራት ይበቃል፡፡ በምላሱ ዳሶ ሻካራ የሆነበት ቦታ እንዳልጸዳ ማወቅ እንደሚችል የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፡፡ የሳሙናውን ቡርሽ ላይ መጨመር ካስቸገረው በቀጥታ ምላሱ ላይ ማድረግ ይችላል፡፡ ይህንን የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስተማር፣ የጤና ሚኒስቴርም በመመሪያ ማስገደድ ይችላሉ፡፡

ስንወጣ የቀጠሮ ካርዱን የሰጡት አሁንም ለእኔ ነው፡፡ ታክሲ ውስጥ ቀኑን አነበብኩለት፤ እሱም በስልኩ ድምፁን ቀዳ፡፡